በዓለም ፊት ተሟግተው በአገራቸው ሳይዳኙ የቀሩት የሕግ ሰው

በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4፣ ስለ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር

ዛሬ የምናገረው ስለ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነው። በዕድሜ የገፋችሁት ስማቸውን ታውቁታላችሁ። ልጆቻችን ግን ቢሰሙም የሚሰሙት ደርግ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት አንዱ መሆናቸውን ብቻ ነው። እኔ ሥራቸውንና አሟሟታቸውን አንድ ላይ አድርገን እንድናይ እፈልጋለሁ፤ ሁለቱ ከተነጣጠሉ ትምህርቱ ይጠፋብናል።

ነገሬን በአጭሩ ላስቀምጥ። አክሊሉ ኢትዮጵያን በዓለም ሸንጎ ፊት በሕግ ካስከበሩት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ናቸው። ያገለገሉት መንግሥት ግን ከውጭ ሰዎች የጠየቀውን ሕግ በቤቱ ለራሱ ዜጎች በሙሉ ልብ አልሰጠም። ያ ጉድለት ብዙ ሰው ጎድቶ፣ በመጨረሻም የእሳቸውን ሕይወት ቀጠፈ። የዛሬው ንግግሬ ይህንን የሚያስረዳ ነው።

እዚህ ከተማ የምንኖረው በሁለት አቆጣጠር ነውና፣ የአገር ቤቱን ነገር በዓመተ ምሕረት፣ የውጭውን ነገር እ.ኤ.አ. እያልሁ እጠራለሁ።

ከካህን ቤት እስከ ፓሪስ

አክሊሉ የተወለዱት በ1904 ዓ.ም. ነው። አባታቸው አለቃ ሀብተ ወልድ ሀብተ ነህ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ ቤተሰቡም የቡልጋ ነው። ባላባት አልነበሩም፤ ጦር አዛዥ አጎት፣ ሰፊ ርስትና ጉልት አልነበራቸውም። በዚያ ዘመን ሥልጣን በትውልድና በጦር ሜዳ ይገኝ ነበር። ራስ ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከመኳንንቱ ወገን ያልሆኑ ልጆችን እያስተማሩ ወደ መንግሥት ሥራ ማምጣት ያዙ። ሦስቱ ወንድማማቾች፣ መኮንን፣ አካለ ወርቅና አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ በዚህ በር ገብተው ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሰዋል። ሦስቱም በሰው እጅ መሞታቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ። መኮንን በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተገደሉ፤ የሁለቱን ነገር እመለስበታለሁ።

አክሊሉ ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ወደ እስክንድርያ፣ ወደ ፈረንሳይ ሊሴ ተላኩ፤ ከዚያም ፓሪስ ገብተው ሕግ ተማሩ። በዚያ ዘመን ወደ ግብጽም ሆነ ወደ ፈረንሳይ የሚሻገር ኢትዮጵያዊ ተማሪ መንገዱ በዚህች ከተማ በኩል ነበር። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ ተማሪው ባቡር ተሳፍሮ ጅቡቲ ይወርድና መርከብ ይጠብቃል። የዘመናዊቱ ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሊቃውንት ብዙዎቹ ባሕርን መጀመሪያ ያዩት እዚህ ነው።

ፓሪስ ሳሉ ኢጣልያ አገራቸውን ወረረች። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በባቡር ጅቡቲ ደርሰው ከዚህ ወደብ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ፤ ከሁለት ወር በኋላም ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤት አሉ። ወጣቱ አክሊሉ በፓሪሱ የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን እያገለገሉ ይህንን ሁሉ በቅርብ አዩ።

እስኪ በእሳቸው ቦታ ሆነን እናስበው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ የማኅበሩ አባል ነበረች። የማኅበሩ ቃል ኪዳን 16ኛ አንቀጽ አንዱን አባል የወረረ ሁሉንም እንደወረረ ይቆጠራል ይላል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ወራሪው ይታወቃል፤ ተበዳይዋ ቆማ ትናገራለች። ሆኖም አልተፈጸመላትም። አንድ የሕግ ተማሪ ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ሕግ የጉልበተኞች መጫወቻ ነው ብሎ መተው፣ ወይ የደካማ አገር ሌላ መሣሪያ የላትምና ይህንኑ ይበልጥ ስሎ መያዝ። አክሊሉ ሁለተኛውን መረጡ። የቀረው የሥራ ዘመናቸው በሙሉ የዚህ ምርጫ ታሪክ ነው።

የአንዲት ሐረግ ዋጋ

ኢትዮጵያ በ1933 ዓ.ም. ከፋሺስት ነፃ ስትወጣ አብሮ የገባው የእንግሊዝ ጦር ቶሎ የሚወጣ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በጥር 1942 የተፈረመው ውል ለእንግሊዝ አማካሪዎችና ዳኞች ሰፊ ቦታ ሰጠ፤ የእንግሊዝ መልእክተኛ በአዲስ አበባ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቀድሞ እንዲቀመጥም አደረገ። ባቡሩ በእንግሊዞች እጅ ነበር። ኦጋዴንና «የተከለለ ቦታ» የተባለው ምድር በእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ሥር ነበሩ።

አክሊሉ ከስደት ተመልሰው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር ሆኑ። የሥራ ባልደረባቸውም አሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ ሎርድ ዴ ላ ዋር የተባሉ የእንግሊዝ መልእክተኛ አዲስ ውል ለመነጋገር አዲስ አበባ መጡ። የኢትዮጵያን ወገን የመሩት ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ሲሆኑ፣ የሕጉን ክርክር ከተሸከሙት አንዱ አክሊሉ ነበሩ። ኢትዮጵያ ባቡሩን መልሳ ያዘች፤ የእንግሊዙ መልእክተኛ ቅድሚያ ቀረ። ኦጋዴንና የተከለለው ቦታ ግን ለጊዜው በእንግሊዝ እጅ ይቆዩ ተባለ።

ሊቃችን ብልሃታቸውን ያሳዩት እዚህ ላይ ነው። የውሉ 7ኛ አንቀጽ መሬቱ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር እንዲቆይ ኢትዮጵያ መስማማቷን ይናገራል። በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን ሁለት ነገሮች ተሰክተዋል። አንደኛው፣ ኢትዮጵያ ይህን የምታደርገው እንደ ጦር ጓድ ጦርነቱን ለመርዳት ነው ይላል። ሁለተኛው፣ የኢትዮጵያ ሉዓላዊነት በዚህ አይነካም ይላል። መሬቱን የያዘው ሌላ ነው፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን ያዢው ራሱ ፈርሞ አመነ።

በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የወደብና የትራንዚት ሠራተኞች ይህንን ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ። በጭነት ሰነዱ ላይ አንዲት መስመር ከተሳሳተች ኮንቴይነሩ ወደቡ ላይ ቆሞ የመዘግየት ክፍያ (ዴመሬጅ) ይቆጥራል፤ መስመሯ ከተስተካከለች ዕቃው ለባለቤቱ ይለቀቃል። የአክሊሉም ሥራ ይኸው ነበር። በዓመቱ ውስጥ ባይሆንም ሐረጓ ሥራዋን ሠራች፤ እንግሊዞች ኦጋዴንን እ.ኤ.አ. በ1948፣ ሐውድንና የተከለለውን ቦታ ደግሞ በ1954ቱ ስምምነት ለቀቁ። የሱማሌ ሕዝብ ስለዚያ ምድር የነበረው የራሱ ጥያቄ በሁለት መንግሥታት ውል የሚዘጋ እንዳልነበረ ግን አብሮ መነገር አለበት። ዘላኑን የጠየቀው አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ጦርነቶችም ይህንኑ አሳይተዋል።

ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ፌዴሬሽኑ

እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1945 የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲፈረም አክሊሉ ከኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1946ቱ የፓሪስ የሰላም ጉባኤ ደግሞ ከኢጣልያ ጋር ፊት ለፊት ቆሙ። ከአሥር ዓመት በፊት በዚያው ከተማ የተወረረች አገር ባለጉዳይ ነበሩ፤ አሁን በድል አድራጊዎቹ ወገን ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1947 የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ የኢትዮጵያን ሉዓላዊነት እንድታከብርና 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል አስገደደ። 37ኛው አንቀጽ ከመስከረም 1928 ዓ.ም. ወዲህ የተዘረፉ ቅርሶችና ሰነዶች በ18 ወር ውስጥ እንዲመለሱ ያዝዛል። የአክሱም ሐውልት በዚያ አንቀጽ ሥር ነበረ፤ የተመለሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከ50 ዓመት በላይ ዘገየ፤ ነገር ግን ኢትዮጵያ በነዚያ ዓመታት ሁሉ የጠየቀችው ስጦታ አልነበረም፤ የተፈረመላትን ነበር።

ከዚያ የኤርትራ ጉዳይ መጣ። ታላላቆቹ መንግሥታት መስማማት ስላቃታቸው ነገሩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ተመራ። አክሊሉ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ሚኒስትር ሆነው፣ ከዚያም በፊት በምክትልነታቸው ጊዜ፣ ኒውዮርክና ሌክ ሰክሰስ ላይ የእያንዳንዱን አገር መልእክተኛ እያግባቡ ለዓመታት ደከሙ። በጉባኤው አንድ ትንሽ አገር ከአንድ ታላቅ አገር እኩል አንድ ድምፅ አለው፤ ያችን ድምፅ ለማግኘት የላቲን አሜሪካውም የእስያውም መልእክተኛ በር መንኳኳት ነበረበት። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1950 ጉባኤው በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተአቅቦ ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሉዓላዊነት ሥር ራሷን የምታስተዳድር የፌዴሬሽን አካል ትሁን ብሎ ወሰነ። በ1945 ዓ.ም. መስከረም ፌዴሬሽኑ ሥራ ጀመረ። ኤርትራ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ባንዲራ፣ ትግርኛና ዐረብኛ የሥራ ቋንቋ ነበራት።

ይህ በአክሊሉ ሕይወት ትልቁ ድል ነው ይባላል። እኔም በዲፕሎማሲ ሥራነቱ ትልቅ ነው እላለሁ። ግን የድሉ ወረቀት ሁለት ገጽ ነበረው። በአንዱ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር ትሆናለች፤ በሌላው ራሷን ታስተዳድራለች። አንዱን ገጽ ይዞ ሌላውን መቅደድ አይቻልም ነበር። የሆነው ግን ይኸው ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ለጅቡቲ ነዋሪ የሚቀርበውን ደግሞ ላንሳ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 12 ቀን 1959 ኢትዮጵያና ፈረንሳይ ስለ ባቡሩ አዲስ ውል ተፈራረሙ። ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤቱን አዲስ አበባ አደረገ፤ ድርሻውም ለሁለቱ መንግሥታት እኩል ሆነ። ቀድሞ የውጭ ባለአክሲዮኖች ንብረት የነበረው የአገሪቱ ዋና የባሕር መውጫ በግማሽ የኢትዮጵያ ሆነ ማለት ነው። በዚያው ዘመን አዲስ አበባም ሞቃዲሾም በዚህች ምድር ላይ ዓይናቸውን ጥለው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ጉዳዩን የቆረጠው ግን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1977 ድምፁን የሰጠውና በሰኔ 27 ነፃነቱን ያወጀው የጅቡቲ ሕዝብ ነው። እንግዳ ሆነን የምንኖርበትን አገር ይህን ውሳኔ ማክበር ለእኛም ግዴታችን ነው።

ሄግ፦ ተሸንፎ ያሸነፈ ሙግት

አሁን ወደ ሆላንድ፣ ወደ ሄግ ልውሰዳችሁ። የዓለም ፍርድ ቤት የሚያስችለው እዚያ ነው። የጅቡቲ ሰው ከተማዋን ያውቃታል፤ ጅቡቲ ፈረንሳይን እዚያ ከስሳ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 2008 በተሰጠው ፍርድ ፈረንሳይ የጅቡቲን የትብብር ጥያቄ ስትመልስ ምክንያቷን ባለመግለጿ ግዴታዋን እንደጣሰች ተፈርዶባታል። ትንሽ አገር ትልቅ አገርን ከስሶ በአንድ ነጥብ እንኳ መርታቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ኢትዮጵያ ሄግ የደረሰችው ከዚያ ብዙ ቀድማ ነው። ደቡብ አፍሪቃ ዛሬ ናሚቢያ የምንላትን አገር ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በመንግሥታት ማኅበር ሞግዚትነት ተቀብላ፣ በኋላ የአፓርታይድን ሕግ ዘረጋችባት። ይህን ማን ይክሰስ? የሞግዚትነቱ ሰነድ ክስ የሚፈቅደው ለማኅበሩ አባላት ነበር። አብዛኞቹ የአፍሪቃ አገሮች በማኅበሩ ዘመን ገና ቅኝ ተገዢ ነበሩ። ከነፃዎቹ ጥቁር አፍሪቃውያን አባላት የነበሩት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ናቸው። ስለዚህ ነፃ የአፍሪቃ መንግሥታት አዲስ አበባ ላይ ከመከሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1960 ሁለቱ አገሮች ክሱን አቀረቡ። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የከዳት ያ ማኅበር፣ ከሞተ በኋላ ለሌላ የተበደለ የአፍሪቃ ሕዝብ እንድትሟገት መብት ሰጣት። ክሱ ሲገባ አክሊሉ ጠቅላይ ሚኒስትር አልነበሩም፤ ሙግቱ ሲካሄድ ግን መንግሥቱን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1962 ፍርድ ቤቱ በ8 ለ7 ድምፅ ጉዳዩን ማየት እችላለሁ አለ። ስድስት ዓመት ከፈጀው ክርክር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 18 ቀን 1966 ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉ። ፕሬዚዳንቱ አውስትራሊያዊው ሰር ፐርሲ ስፔንደር ሚዛን በሚደፋ ሁለተኛ ድምፃቸው ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በዚህ ጉዳይ የራሳቸው ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም የሚለውን ወገን አስረቱ። አፍሪቃ ተቆጣች። ግን ከሦስት ወር በኋላ፣ ጥቅምት 27 ቀን፣ ጠቅላላ ጉባኤው የደቡብ አፍሪቃን ሞግዚትነት ሻረ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በሰጠው የምክር አስተያየት የደቡብ አፍሪቃ እዚያ መቆየት ሕገ ወጥ ነው አለ። ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1990 ነፃ ወጣች። ነፃነቱን ያመጡት ከሁሉ በፊት የናሚቢያ ልጆች ትግልና ደም ናቸው፤ የሄጉ መዝገብም ድርሻ አለው። ሙግት አንድ ቀን ተሸንፎ በሌላ ቀን ሊረታ እንደሚችል ይህ ያስተምረናል።

ሕጉ ቤት ሲደርስ

እስካሁን የነገርኋችሁ የውጭውን ነው። አሁን ወደ ቤት እንመለስ።

አክሊሉ ከጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስና ከአሜሪካውያን አማካሪዎች ጋር በ1948 ዓ.ም. የወጣውን የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ካረቀቁት ናቸው። ያንን ሕገ መንግሥት አንሥቶ 43ኛ አንቀጹን የሚያነብ ሰው ይደነቃል። ማንም ሰው በሕግ አግባብ ካልሆነ በቀር ሕይወቱን፣ ነፃነቱን፣ ንብረቱን እንዳይነጠቅ ይደነግጋል። ከዚያ ግን ወደ 4ኛው አንቀጽ ይመለስ። የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማይነካ ነው ይላል። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር፤ 4ኛው አንቀጽ ይህንኑ በዘመናዊ ቋንቋ አጸናው። ሕዝብ እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ የፖለቲካ ፓርቲ ግን አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾምም የሚሽርም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ።

ዘመኑ ግን ባዶ አልነበረም። የፈረንሳዩ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ እንዲሁም የንግድ ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ወጡ፤ ስዊሳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከዚያ በፊት በ1949 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። ከዚያም የአዲስ አበባው የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። እነዚህ ለረዥም ዕድሜ የተሠሩ መሠረቶች ናቸው፤ የፍትሐ ብሔሩ ብዙ ክፍል እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሕጉ የተፈተነው ግን ሥልጣን በሚነካበት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ፈተና ኤርትራ ነበረች። ባንዲራዋ ወረደ፤ ቋንቋዎቿ ከሥራ ተገፉ፤ የፌዴሬሽኑ ሥልጣን እየተሸረሸረ ሄደ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። አክሊሉ ያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በዓለም ጉባኤ ፊት በ46 ድምፅ ያገኙት ሰነድ እሳቸው በሚመሩት መንግሥት እጅ ተቀደደ። ኢትዮጵያ በ1928 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበርን የወቀሰችው ፈርሞ ስላልፈጸመ ነበር፤ እዚህ ላይ እኛው ፈርመን አልፈጸምንም። ሠላሳ ዓመት ጦርነት፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ወጣት፣ በመጨረሻም የሁለት አገር መለያየት ተከተለ። ሳከብራቸው ይህን አልሸፍንም፤ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ወንበር ተጠያቂነትን ይዞ የሚመጣ ወንበር ነው።

ሁለተኛው ፈተና ረሀብ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን እንዲመርጥ ፈቀዱ፤ ሥልጣኑ በጥቂቱ ሰፋ። የመሬት ይዞታው ጥያቄ ግን ዓመት ከዓመት እየተንከባለለ፣ ተማሪዎች መሬት ላራሹ እያሉ፣ አልተፈታም። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በረሀብ አለቀ፤ መንግሥትም ጉዳዩን ሸፈነው። ጋዜጣው በነፃ ቢጽፍ፣ እንደራሴው ያለ ፍርሃት ቢጠይቅ፣ ሚኒስትሩ ለሕዝብ መልስ የሚሰጥ ቢሆን ያ ሁሉ ሰው ባላለቀ ነበር። የሕግ መጓደል የሚለካው በፍርድ ቤት ብቻ አይደለም፤ እህል በሌለበት ጎተራም ይለካል።

ኅዳር 14

1966 ዓ.ም. ወታደሩን፣ መምህሩን፣ የታክሲ ነጂውን ሁሉ አስነሣ። በየካቲት የአክሊሉ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ፤ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አክሊሉና ሌሎች ባለሥልጣናት ታሰሩ። የቀድሞ ሹማምንትን የሚመረምር ኮሚሽንም ተቋቋመ። አክሊሉ እስር ቤት ሆነው ስለ አገልግሎታቸው በጽሑፍ ቃላቸውን ሰጡ፤ ያ ቃል በኋላ በመጽሐፍ ታትሞ ዛሬ ማንም ሊያነበው ይችላል። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው እስከ መጨረሻው እንደ ባለጉዳይ ነው የኖሩት። ተጠየቁ፤ መልሳቸውን ጻፉ፤ ፍርድ ጠበቁ።

ፍርዱ አልመጣም። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የደርግ አባላት ተሰብስበው ወሰኑ። በዚያ ሌሊት ወደ ስልሳ የሚጠጉ ሰዎች ተረሸኑ። ክስ አልተነበበም፤ ጠበቃ አልቆመም፤ ይግባኝ አልነበረም። ነገሩ ፖለቲካዊ ውሳኔ ነው ተባለ። ከሟቾቹ ሁለቱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ነበሩ፤ አክሊሉና ተተኪያቸው እንዳልካቸው። የአክሊሉ ወንድም፣ የፍርድ ሚኒስትር የነበሩት አካለ ወርቅም አብረው ተገደሉ።

በዚያ ሰሞን በአዲስ አበባ ደስ ያለው ሰው ብዙ ነበር። ወሎ ላይ ያለቀው ሕዝብ እንባ ገና አልደረቀምና ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን ሕዝባችን ከጥንት የያዘው ሚዛን አለው፤ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላል። ጭብጦ እንኳ ያለ ፍርድ ከሄደች የሚቆጨው ሕዝብ በዚያ ሌሊት ስለ ሰው ሕይወት ዝም አለ። የዝምታውን ዋጋ የከፈልነው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በቀይ ሽብር፣ የሌሊቱ ውሳኔ ወደየቀበሌው ሲወርድ ነው። ስልሳውን ያለ ፍርድ መግደል የቻለ፣ ሺዎችን ለመግደል የሚያግደው ሕግ አልቀረም ነበር። በዚያ ዘመን ጅቡቲ ድንበር በእግራቸው የደረሱ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቻችሁ የእነሱ ልጆች ናችሁ።

የሟቾቹ አጽም ከደርግ ውድቀት በኋላ ተቆፍሮ ወጥቶ በ1984 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አረፈ። ገዳዮቹም ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ጠበቃ ቆመላቸው፤ ምስክር ተሰማ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ተከራከሩ። የተከሰሱበት ሕግ የትኛው ነበር? የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ 281ኛው አንቀጽ ነበር፤ አክሊሉ ካገለገሉት መንግሥት የወጣ ሕግ ማለት ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት፣ ሌሎች ብዙዎችንም ጥፋተኞች አላቸው። የኅዳር 14ቱ ግድያ ከክሶቹ አንዱ ነበር። ለአክሊሉ የተነፈገው ችሎት ለገዳዮቻቸው ተሰጠ። መሆን የነበረበትም ይኸው ነው፤ ከእነሱ የምንለየው በዚህ ነውና።

ለእናንተ የምለው

ክቡራትና ክቡራን፤ ከዚህ ሕይወት ለካርቲየ 4 የሚሆን ምን አለ?

አንደኛ፣ ልጆቻችሁ እዚህ ፈረንሳይኛ በትምህርት ቤት፣ አማርኛ በቤት፣ ሱማሊኛና አፋርኛ በመንገድ ይናገራሉ። አክሊሉን ለዓለም ጉባኤ ያበቃቸው የፈረንሳይኛና የሕግ ትምህርት ነው። የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ አለው። ከልጆቻችሁ ጥቂቶቹ እንኳ ሕግ ቢማሩ ለእኛም ለጎረቤቶቻችንም ጠበቃ፣ አስተርጓሚ፣ አስታራቂ ይሆናሉ። በትምህርት አትለግሙባቸው።

ሁለተኛ፣ ሳታነቡ አትፈርሙ። የቤት ኪራይ ይሁን የሥራ ውል፣ የማታውቁት ቋንቋ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ቅረቡ፤ ቅጂውንም ተቀበሉና አስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ የሚያድናችሁ ያ ወረቀት ሊሆን ይችላል። በፈረማችሁትም ቁሙ፤ ያስገደዳችሁን ገጽ ቀድዳችሁ የጠቀማችሁን ብቻ አትያዙ።

ሦስተኛውና ትልቁ፣ ለምትጠሉት ሰው ሕግ ጠይቁ። ለወዳጅ ሁሉም ይጮሃል። «በሕግ አምላክ!» የሚለው የአባቶቻችን ጥሪ መንገደኛን የሚያስቆም የነበረው ጠሪው ማን፣ ተበዳዩ የማን ዘር እንደሆነ ሳይጠየቅ ነው። ዛሬ አገር ቤት ወገን ከወገን ሲጋደል፣ ሰው ያለ ክስ ሲታሰር፣ የታሰረው የእኛ ወገን ሲሆን ብቻ ከጮህን የኅዳር 14ን ዝምታ እየደገምን ነው።

አክሊሉ ሀብተ ወልድ ጥፋት የሌለባቸው ሰው አልነበሩም። ጥፋታቸው በችሎት ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ ስለ ኤርትራም ስለ ወሎም እውነቱ በጊዜው ይወጣ፣ አገሪቱም ትማር ነበር። ያለ ፍርድ የገደሏቸው ሰዎች አንድ ሰው ብቻ አልገደሉም፤ እኛ ማወቅ የሚገባንን እውነት አብረው ቀበሩ። ጥፋተኛም ቢሆን ሰው ይዳኝ፤ አገር የሚጸናው በዚህ ነው።